ኤልኤልቢ ይዤ ክሪሚኖሎጂ ልማር ወይስ ኤልኤልኤም? ለአንዲት ዐቃቤ ሕግ የተሰጠ መልስ

ሁላችሁም እንድትከታተሉ ጥያቄዋን ባጭሩ ልድገመው። በአንድ ዞን ፍትሕ መምሪያ አራት ዓመት የሠራች ዐቃቤ ሕግ ናት፣ ዲግሪዋ ኤልኤልቢ (የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ) ነው፣ ማስተርሷን በክሪሚኖሎጂና ክሪሚናል ጀስቲስ፣ ማለትም ወንጀልንና የፍትሕ ሥርዓቱን በሚያጠናው ዘርፍ፣ መሥራት ትፈልጋለች። ጓደኞቿ «ፖሊስ ልትሆኚ ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁባታል፣ ኃላፊዋ ደግሞ «ኤልኤልኤም ይሻልሻል» ብሏታል፣ የሕግ ማስተርስ ማለቱ ነው። ሒሳብ አልወድም ትላለች። ለመመረቂያ ያሰበችው ርዕስ «በከተማችን የወጣቶች ወንጀል መንስኤዎች» የሚል ነው፣ እና እዚሁ ልማር ወይስ የውጭ ስኮላርሺፕ ልሞክር፣ ርዕሱስ ያስኬዳል ወይ ነው የምትለው።

እሺ እህቴ፣ ከኃላፊሽ ልጀምር። ሰውዬው ክፉ አልመከረሽም። ነገ ዳኛ መሆን ወይ የጥብቅና ፈቃድ አውጥተሽ ቢሮ መክፈት ከሆነ ሐሳብሽ ኤልኤልኤም ተማሪ በቃ፣ ሌላ ጣጣ ውስጥ አትግቢ። ክሪሚኖሎጂ ክስ አጻጻፍሽን አያሻሽልልሽም፣ ችሎት ላይም አንደበትሽን አይፈታልሽም፣ ሲጀመር ሕግ አይደለማ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ ነው። ብዙ የሕግ ምሩቅ ይሄን ሳያውቅ ገብቶ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚደነግጠው ለዚህ ነው፣ አንቀጽ ሲጠብቅ ሰንጠረዥ ይሰጡታል።

ልዩነቱን ከራስሽ ጠረጴዛ ላሳይሽ። አንድ የግድያ መዝገብ ሲመጣልሽ የምታስቢው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 (ከባድ ግድያ) ነው ወይስ 540 (ተራ ግድያ) ነው፣ ጭካኔና ነውረኛነቱ በማስረጃ ይቆማል ወይ፣ ራስን መከላከል ያነሳል ወይ፣ ምስክሮቹ ይመጣሉ ወይ ነው። ክሪሚኖሎጂስቱ ያንኑ መዝገብ ከሌሎች መቶ መዝገቦች ጋር አንድ ላይ ዘርግቶ ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ ግድያዎቹ የትኛው ወር ላይ ይበዛሉ፣ ከመኸር በኋላ ነው ወይስ በፊት፣ ስንቱ የድንበር ጠብ ነው፣ ስንቱ መጠጥ ቤት ተጀምሮ መንገድ ላይ ያለቀ ነው፣ ሟቿ ሴት ከሆነች ከዚያ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ አቤት ብላ ነበር ወይ፣ ብላስ ከነበረ ምን ተደረገላት። አንቺ በመዝገቡ ላይ ውሳኔ ትሰጫለሽ፣ እሱ ደግሞ መዝገቦቹ ለምን እንዲህ ሆነው እንደመጡ ይፈልጋል። የትኛው ጥያቄ ነው ማታ እንቅልፍ የሚነሳሽ? እሱን ራስሽ ነሽ የምታውቂው፣ ግን በጽሑፍሽ ውስጥ «አንድ አይነት ሰው ነው እየተመላለሰ የሚመጣብን» ብለሽ ጣል ያደረግሻት ነገር ላይ ዓይኔ አርፏል። እሷ ዓረፍተ ነገር የክሪሚኖሎጂ ናት፣ የኤልኤልኤም አይደለችም።

እሷን ነገር ደግሞ ሰዎች በደንብ አጥንተዋታል። አሜሪካ ውስጥ ማርቪን ዎልፍጋንግና ባልደረቦቹ በ1945 (የውጭ ጥናቶቹን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ተወልደው ፊላደልፊያ ያደጉ ወደ አስር ሺ የሚጠጉ ወንዶችን የፖሊስ መዝገብ ተከታትለው ውጤቱን በ1972 አወጡት። 6 ከመቶ የሚሆኑት ብቻ በመላው ቡድን ከተመዘገበው ጥፋት ከግማሽ በላዩን ሠርተውት ተገኙ። ይሄን ስታነቢ መጀመሪያ የሚመጣልሽ «በቃ እነዚያን ስድስቱን ለቅሞ ማሰር ነዋ» ነው፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው፣ ግን ቀድመሽ እነማን እንደሚሆኑ ማወቅ ትችያለሽ ወይ ሲባል ነገሩ ይከብዳል፣ ምክንያቱም በአሥር ዓመታቸው ተመሳሳይ የሚመስሉ ብዙ ልጆች አድገው ምንም አያጠፉም። አንድ ሴሚናር ሙሉ በዚህ ብቻ ሲጨቃጨቅ ሊውል ይችላል፣ ደስ የሚል ጭቅጭቅ ነው።

ሌላም ልጨምርልሽ፣ ለዐቃቤ ሕግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሚኒያፖሊስ ከተማ ላይ ሎውረንስ ሸርማንና ሪቻርድ በርክ የተባሉ ተመራማሪዎች ከፖሊስ ጋር ተስማምተው አንድ ነገር ሞከሩ፤ ቀላል የቤት ውስጥ ድብደባ ጥሪ ሲመጣ ፖሊሱ እንደ ስሜቱ ሳይሆን በዕጣ እንዲወስን፣ ወይ ያስራል፣ ወይ መክሮ አስታርቆ ይሄዳል፣ ወይ ባልየውን ለጥቂት ሰዓት ከቤት ያስወጣል። ከዚያ ስድስት ወር ተከታተሉ። የታሰሩት ድጋሚ መደብደባቸው ቀነሰ፣ ውጤቱ 1984 ላይ ታተመ፣ ብዙ ከተማና ክፍለ ሀገር ፖሊሲውን ወደ «እሠር» ቀየረ። እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር ግን አላለቀም፣ ሙከራው በሌሎች አምስት ከተሞች ተደገመ፣ ውጤቱ ተለያየ፤ ሚልዋኪ ላይ ሥራ ያላቸው ወንዶች መታሰሩ ሲገታቸው ሥራ አጦቹ ላይ ግን ጭራሽ ጥቃቱ ጨመረ። ማለትም ያው አንድ እርምጃ አንዷን ሚስት ሲጠብቅ ሌላዋን አስደብድቧል። ሕግ ትምህርት ቤት ይሄን የሚያሳይሽ መሣሪያ የለውም፣ ጥፋቱ ተሟልቷል ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል።

እና እኛ አገር ይሄ ጥያቄ በሌላ መልክ በየቀኑ አንቺ ቢሮ ይመጣል። ድብደባ ተመዘገበ፣ ሽማግሌ ገባ፣ ታረቁ፣ የግል ተበዳይ ቃሏን አነሳች ወይ ምስክሮቹ ቀሩ፣ መዝገቡ ተዘጋ። ከዚያስ? ያቺ ሴት በዓመቷ ደህና ናት ወይስ ተመልሳ መጥታለች? ማንም አይቆጥርም እኮ። ሽምግልና ጥሩ ነው የሚልም ሴቶችን አሳልፎ ይሰጣል የሚልም ሞልቷል፣ ሁለቱም የሚከራከሩት ከልምድና ከስሜት ነው። ደም ማድረቅና ጉማ በሚባሉት ባህላዊ የዕርቅ ሥርዓቶች ላይ ጥሩ ጥሩ የአንትሮፖሎጂና የሕግ ጽሑፍ አለ፣ ሥርዓቱ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ማን እንደሚቀመጥ፣ ካሳው እንዴት እንደሚከፈል በደንብ ተጽፏል። ከዕርቁ በኋላ ጥቃቱ ተደገመ ወይ የሚለውን በቁጥር መከታተል ግን የክሪሚኖሎጂ ሥራ ነው፣ አንቺም መዝገቡ ያለበት ቤት ውስጥ ተቀምጠሻል።

አሁን ወደ ርዕስሽ። «የወጣቶች ወንጀል መንስኤዎች» አይሁን፣ እባክሽ። እንደዚህ የሚል ፕሮፖዛል ሲመጣልኝ ውስጡን ሳልገልጥ ምን እንዳለ እነግርሻለሁ፤ ተማሪው ማረሚያ ቤት ይሄዳል፣ መጠይቅ ይበትናል፣ «ወደ ወንጀል የገፋህ ምንድነው» ይላል፣ ታራሚው ሥራ አጥነት፣ የጓደኛ ግፊት፣ ጫትና መጠጥ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ተማሪው ፐርሰንት ያወጣል፣ መደምደሚያው መንግሥት የሥራ ዕድል ይፍጠር ነው። አልቋል። ችግሩ ምንድነው ካልሽ፣ ያው ከተማ ውስጥ ሥራ አጥ ሆኖ ጫት እየቃመ ማንንም ያልነካ ስንት ሺ ወጣት አለ፣ እሱን ማን ጠየቀው? ማነጻጸሪያ ከሌለሽ መንስኤ ማለት አትችዪም። ሁለተኛ፣ ማረሚያ ቤት ያለው የተያዘው ብቻ ነው፣ ያልተያዘው ብልጡ ውጪ ነው። ሦስተኛ ደግሞ ጠባቂ ቆሞ እያየ የሚሞላ መጠይቅ ፈቃደኝነቱ ምን ያህል ነው? የሥነ ምግባር ኮሚቴው ይሄን ባይጠይቅሽ እንኳን አንቺ ራስሽን ጠይቂ። በዚያ ላይ ወጣት ማለትሽ የትኛውን ነው፣ የወንጀል ሕጋችን «ወጣት ጥፋተኞች» የሚላቸው ከ9 እስከ 15 ያሉትን ነው፣ የወጣቶች ፖሊሲው ደግሞ ከ15 እስከ 29 ይላል፣ ሁለቱን ቀላቅለሽ አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ከከተትሽ ገና ከመነሻው ተበላሸ።

መንስኤን በትክክል ማጥናት ምን ያህል እንደሚያደክም ለማየት ካምብሪጆች የሠሩትን ብቻ ተመልከቺ፣ ከ1961 ጀምሮ ደቡብ ለንደን ያሉ 411 ወንድ ልጆችን ገና በስምንትና ዘጠኝ ዓመታቸው ይዘው ለአሥርተ ዓመታት ተከተሏቸው፣ ማን እንደሚያጠፋ ሳይታወቅ ማለት ነው። በአንድ ዓመት ማስተርስ ይሄ አይሞከርም።

የሚሞከረውን ልንገርሽ። የናንተው ቢሮ ካቢኔት ውስጥ ያለው መዝገብ! ከፖሊስ የመጣ የምርመራ መዝገብ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 38 መሠረት የት የት እንደሚሄድ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ክስ ይመሠረታል፣ በ38(ሐ) ተጨማሪ ምርመራ ተብሎ ለፖሊስ ይመለሳል፣ ወይ በ42(1)(ሀ) ማስረጃ አይበቃም ተብሎ ይዘጋል። ስንቱ ነው በየቱ የሚሄደው? የተመለሰው ስንቱ ነው ዳግም የማይመጣው? በአስገድዶ መድፈርና በስርቆት መካከል የመዘጋት ልዩነት አለ ወይ፣ ተበዳይዋ ከገጠር ቀበሌ ስትሆንና ከከተማ ስትሆንስ? ወንጀል ከጥቆማ እስከ ቅጣት እየተንጠባጠበ የሚቀንስበትን መንገድ መለካት በዘርፉ የታወቀ የጥናት ዓይነት ነው፣ እንደ ወንፊት ነው፣ ከላይ የገባውና ከታች የወጣው አይገናኝም፣ እና የት ላይ እንደቀረ ያሳያል። አንድ ዞን፣ የሦስት ዓመት መዝገብ፣ ሁለት የወንጀል ዓይነት፣ በቃ ማስተርስ ነው። ከውጪ የሚመጣ ተመራማሪ ይሄን መዝገብ ለማየት ደብዳቤ ይዞ ወራት ይንከራተታል፣ አንቺ ጠዋት ሻይ ስትጠጪ አጠገቡ ነሽ።

ግን መዝገቡን ጻድቅ አታድርጊው። ዕድሜ የሚለው ረድፍ ላይ 25፣ 30፣ 35 ይበዛል፣ ተጠርጣሪው ሁሉ በአምስት አምስት ዓመት ልዩነት ተወልዶ ሳይሆን መርማሪው በግምት ስለሚሞላ ነው። ሥራ የሚለው ላይ «የግል» ይላል፣ የግል ማለት ባለሱቅም ነው ሊስትሮም ነው። «ምርመራ» የሚለው የማስታወሻ ረድፍ ባዶ ይሆናል። አንዱ ጸሐፊ ሄዶ ሌላው ሲተካ የአመዘጋገቡ ስልት በመሐል ይቀየራል፣ ቁጥሩ ዘሎ ታዪውና ወንጀል ጨመረ ብለሽ እንዳትጽፊ። ይሄን ሁሉ በአንድ ምዕራፍ በግልጽ ከጻፍሽው ፈታኞችሽ ያከብሩሻል፣ ከደበቅሽው ግን አንዱ ጎበዝ ፈታኝ ያወጣዋል። ደግሞ ከሥራ ኃላፊነትሽ የተነሳ ያየሽውን መዝገብ ለጥናት መጠቀም ሌላ ፈቃድ ነው የሚፈልገው፣ በእጄ ነው ብለሽ ዝም ብለሽ ፎቶ እንዳታነሺ፣ ስም ይሰረዛል፣ ኮድ ይሰጣል፣ ደብዳቤ ይኖራል።

ሒሳቡን በተመለከተ። «አልወድም» እና «አልችልም» የተለያዩ ናቸው፣ ማስተርስ ላይ የሚፈለገው የማትሪኩን ሒሳብ አይደለም። የሚፈለገው እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነው፤ እንበል አንድ ወረዳ በዓመት 60 ስርቆት መዘገበ፣ ሌላው 90። የትኛው ይብሳል? የመጀመሪያው 40 ሺ ሕዝብ ሁለተኛው 120 ሺ ሕዝብ ካለው ከመቶ ሺ ሰው 150 እና 75 ሆነ፣ መጀመሪያው በእጥፍ ይብሳል። ቀላል ነው አይደል? አሁን ግን የወረዳውን ሕዝብ ከየት አመጣሽው፣ የመጨረሻው ቆጠራችን እኮ 1999 ዓ.ም ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው፣ ተፈናቃይ የበዛበት ወረዳ ላይ ትንበያው ይስታል። በዚያ ላይ የሴቶችና ሕፃናት የምርመራ ክፍል የተከፈተበት ከተማ ላይ የጥቃት ቁጥር ሊጨምር ይችላል፣ ጥቃቱ ሳይጨምር የሚናገር ሰው ስለበዛ ብቻ። እንግሊዞች ከ1982 ጀምሮ ፖሊስን ትተው ቤት ለቤት ሰውን «ባለፈው ዓመት ምን ደረሰብህ» እያሉ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ይሄን ማሰብ ከቻልሽ ሪግሬሽኑን፣ የነገሮችን ዝምድና በቁጥር የሚያሳየውን ስሌት፣ ኮምፒውተር ይሠራልሻል፣ አንቺ ውጤቱ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል ነው ማወቅ ያለብሽ። አር የሚባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል፣ ከማመልከትሽ በፊት የራስሽን የፈጠራ ዳታ አስገብተሽ ተጫወቺበት። ቁጥር ጨርሶ ካልሆነልሽ የቃለ መጠይቅና የችሎት ምልከታ መንገድ አለ፣ ግን እሱ ይቀላል ያለሽ ሰው ዋሽቶሻል፣ ኢንተርቪው ገልብጦ መተንተን የሚበላውን ጊዜ የሠራው ያውቀዋል።

ከተማ ውስጥ ላላችሁ ሌሎቻችሁ ደግሞ እግረ መንገዴን፣ በ2011 ዓ.ም ክረምት አዲስ አበባ ሞተር ሳይክልን ስታግድ አንዱ የተነሳው ምክንያት ንጥቂያ ነበር። ጥሩ ርዕስ ነው። ንጥቂያው ቀነሰ ወይስ ወደ እግረኛና ወደ መኪና ዞረ፣ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞችስ? ኮሄንና ፌልሰን በ1979 ያሉትን አስቡ፣ ለመስረቅ ያሰበ ሰው፣ ምቹ ዒላማና የጠባቂ አለመኖር አንድ ቦታ ላይ ሲገጣጠሙ ነው ወንጀል የሚሆነው ነው ነገሩ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልክ እያወሩ ከመቆም በላይ ምቹ ዒላማ ከየት ይመጣል።

የት ልማር ላልሽው፣ አገር ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ጋት የሚሉትን፣ ማለፍ አለብሽ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በክሪሚናል ጀስቲስና ሰብአዊ መብት ኤልኤልኤም አለው፣ እሱ ለአንቺ መሐል መንገድ ነው፣ የሕግ ማዕረጉን ሳትለቂ ርዕስሽን ወደ ክሪሚኖሎጂ መጎተት ትችያለሽ፣ ኃላፊሽም ደስ ይለዋል። ሰንዳፋ የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የዓመቱን ማስታወቂያ ተከታተዪ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ወይ ሶሻል ወርክ ገብቶ በወንጀል ጉዳይ መመረቅም ይቻላል፣ ሜቶዱን በደንብ ያስይዙሻል። አቃቂ ላይ ማዕከል ያለው የደቡብ አፍሪካው ዩኒቨርሲቲ ዩኒሳም በርቀት በክሪሚኖሎጂና በማረሚያ ቤት ጥናት የቆየ ነው፣ ብቻሽን የማንበብ ዲሲፕሊን ካለሽ ብቻ።

ውጪ ከሆነ ለአፍሪካ ሕግ ምሩቅ በጣም የምመክረው ኬፕታውን ያለው የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ከበርሊኑ ሁምቦልት ጋር የሚሰጠውን ድንበር ተሻጋሪ የወንጀል ፍትሕ ፕሮግራም ነው፣ ዳድ በሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት በኩል ስኮላርሺፕ ሲሰጥ ቆይቷል። የሽግግር ፍትሕ የሚስብሽ ከሆነ፣ ፖሊሲው ከ2016 ዓ.ም ሚያዝያ ወዲህ ጸድቆ ባለሙያ ፍለጋ ላይ ስለሆነ ማለቴ ነው፣ አምስተርዳም ፍሪዬ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ ወንጀልና ግጭት ላይ ያተኮረ የክሪሚኖሎጂ ማስተርስ አለው። እንግሊዝ ከሆነ ቼቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው፤ የአንድ ዓመት ማስተርስ፣ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ አራት ዓመትሽ ከበቂ በላይ ነው፣ ሦስት ኮርስ ትመርጫለሽ፣ ስትጨርሺ አገርሽ ተመልሰሽ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። ኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ እያላችሁ በየጊዜው የምትጠይቁኝ፣ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም፣ ተዉት። አሜሪካ ማስተርስ ላይ ገንዘብ ብዙም የለም፣ ገንዘቡ ያለው ፒኤችዲ ላይ ነው፣ ማስተማር ወይ ጥናት እያገዝሽ ክፍያው ይሸፈናል፣ እንደ ሜሪላንድና ኦልባኒ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ይታወቃሉ፣ የሜሪላንዱ ባለበት ኮሌጅ ፓርክ አካባቢ የምትኖሩ ሐበሾች ደጃችሁ ላይ ያለውን ዲፓርትመንት እስኪ ጎራ ብላችሁ እዩት።

ማመልከቻ ደብዳቤሽን «ከልጅነቴ ጀምሮ ፍትሕ እወድ ነበር» ብለሽ አትጀምሪ፣ አንባቢው እንደዚህ የሚል ሲያነብ ነው የሚውለው። ስም የሌለበት አንድ መዝገብ አስቀምጪ፣ እንዴት እንደተዘጋ ንገሪያቸው፣ ከዚያ እንደሱ ያሉ ስንት እንዳሉ ማወቅ እፈልጋለሁ በዪ። እንግሊዝኛሽ ባይሽከረከርም ግድ የለም፣ ጥያቄ ያላት ሰው መሆንሽ ይታያል።

«ፖሊስ ልትሆኚ ነው» ለሚሉሽ፣ ፖሊስ ብትሆኚስ፣ ክፍል ውስጥ አጠገብሽ የሚቀመጠው ኢንስፔክተር ሊሆን ይችላል፣ ማረሚያ ቤት የሠራች ሴት ልትሆን ትችላለች፣ ከመጽሐፉ እኩል ከነሱ ትማሪያለሽ። ሥራ በተመለከተ ግን ቁም ነገር ነው፤ ከሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ከተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና ወንጀል ቢሮ፣ ማረሚያ ቤት ላይ ከሚሠሩ ድርጅቶችና ከጥናት ተቋማት ውጪ «ክሪሚኖሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ እዚህ አገር አትጠብቂ፣ አብዛኛው ሰው ተመልሶ ያው ወንበሩ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ያ ወንበር ዲግሪውን ይቀበለዋል ወይ የሚለው ዋና ነው። የሰው ሀብት ክፍላችሁን ክሪሚኖሎጂ ለሥራ መደብሽ አግባብነት ያለው የትምህርት ዝግጅት ተብሎ ይያዛል ወይ፣ ለደረጃ ዕድገት ይቆጠራል ወይ፣ የትምህርት ፈቃዱ የስንት ዓመት የአገልግሎት ግዴታ አለው ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ፣ የውጭ ወይ የርቀት ከሆነም የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት እንደሚሰጠው አስቀድመሽ አጣሪ። በቃል «ችግር የለውም» ያለሽ ኃላፊ ስትመለሺ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ቁጥርና ማኅተም ይኑረው፣ ደግሞ ከመመዝገብሽ በፊት ተቀበዪው፣ ከተመዘገብሽ በኋላ ማንም አይጽፍልሽም።